ብቻዋን ስለምትሄድ ሴት

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። የሰው ልቡና ግን ሁልጊዜ ለዚህ ተረት አይታዘዝም። ሰው ስሙን ብቻ የሰማውን አገር ይናፍቃል፤ በወሬ የደረሰውን ባሕር፣ በመጽሐፍ ያነበበውን ከተማ በሕልሙ ያያል። ይህም ናፍቆት ለወንድ ብቻ የተሰጠ ቢሆን ኖሮ ንግሥተ ሳባ የሰሎሞንን ጥበብ ለመስማት ከአገርዋ ባልወጣች ነበር። ክብረ ነገሥት እንደሚተርከው ንግሥቲቱ የተነሣችው 797 ግመሎች አስጭና፣ ቍጥር የሌላቸው በቅሎዎችና አህዮች አስከትላ ነው።

እርስዋ ንግሥት ስለ ነበረች «ወዴት ትሄጃለሽ?» ብሎ የሚከለክላት አልነበረም። ይህ ጽሑፌ ግን ግመልም አጃቢም ስለሌላት፣ በወር ደመወዝዋ ስለምትተዳደር ሴት ነው። እንዲህ ያለችው ሴት ዓለምን ለማየት ብትነሣ መንገዱ ይከፈትላታልን? ቢከፈትላትስ ክብርዋንና ነጻነቷን ጠብቃ ወደ ቤትዋ ትመለስ ዘንድ በእጅዋ ምን ሊኖር ይገባል? ጥያቄው ለእኔ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እገልጣለሁ።

መልሱን ስፈልግ አሳቤ ወደ ሩቅ አገር ሄደ። በአሜሪካና በካሪቢያን ባሕር ደሴቶች፣ ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰዱት ሰዎች ዘር የተወለዱ ጥቁር ሴቶች፣ ካለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ጀምሮ በገዛ ላባቸው ዓለምን ሲዞሩ ኖረዋል። እንደ እነርሱ መንገድ የተዘጋበት ሰው ጥቂት ነው፤ ሀብት አልነበራቸውም፤ በተወለዱበት አገር እንኳ በየደረሱበት የሚከለክል ሕግና ልማድ ነበረባቸው። ስለዚህ እነርሱ የሄዱበት መንገድ ለድኻ ሴት ሁሉ ምስክር ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ሜሪ ሲኮል በ1805 በጃማይካ ደሴት በኪንግስተን ከተማ ተወለደች። እናቷ የእንግዶች ማረፊያ ቤት የነበራትና በአገር መድኃኒት የታወቀች ሴት ነበረች፤ ልጅቷም ሁለቱን ሙያ ከእናቷ ተማረች። በፓናማ ሳለች የኮሌራ በሽታ ቢነሣ ሕሙማንን አስታመመች። በ1854 የክሪሚያ ጦርነት በሆነ ጊዜ ወደ ለንደን ሄዳ ቍስለኞችን ለማስታመም ብትለምን አልተቀበሏትም። እርስዋም ተመልሳ አልተቀመጠችም፤ በገዛ ገንዘቧ ወደ ጦሩ ሜዳ ተጓዘች፤ በ1855 በባላክላቫ አጠገብ ማረፊያ ቤት ከፍታ፣ ምግብና ስንቅ እየሸጠች ቍስለኞችን ታክም ነበር። ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ ዕቃዋ ሳይሸጥ ቀርቶ ከሰረች፤ ነገር ግን በ1857 የጉዞዋን ታሪክ ጽፋ አሳተመች።

አማንዳ ስሚዝ በ1837 በሜሪላንድ በባርነት ተወለደች። አባቷ ከጌታው ሥራ በተረፈው ሰዓት ለራሱ እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ ራሱን፣ ኋላም ሚስቱንና ልጆቹን ከባርነት ዋጀ። አማንዳ የሰው ልብስ በማጠብ ትኖር ነበር። ከዚያ በኋላ ወንጌል ሰባኪ ሆነች፤ በ1878 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረች፤ ከዚያም ወደ ሕንድ፣ ኋላም በአፍሪካ ምዕራብ ወዳለችው ወደ ላይቤሪያ ሄደች። ወደ አሜሪካ የተመለሰችው ከ12 ዓመት በኋላ በ1890 ነው። ደመወዝ የሚከፍል የሚስዮን ማኅበር አልላካትም፤ ስንቋ እምነቷና የሰሚዎችዋ ስጦታ ነበረ። ከእርስዋ በኋላ የተነሣችው ቤሲ ኮልማንም በቺካጎ ከተማ በጠጉር አስተካካይ ቤት የሰው ጥፍር እያስተካከለች ትኖር ነበር፤ ጥቁርና ሴት ስለ ሆነች የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች ቢመልሷት ፈረንሳይኛ ተምራ በ1920 ወደ ፈረንሳይ ተሻገረች፤ በ1921ም የአውሮፕላን አብራሪነት ፈቃድ ተቀበለች።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘችው ግን ዋኒታ ሃሪሰን ናት። ሲኮል ለጦሩ፣ ስሚዝ ለስብከት፣ ኮልማን ለትምህርት ሄዱ፤ ዋኒታ የሄደችው ዓለምን ለማየት ብቻ ነው። በሚሲሲፒ ከድኻ ቤት ተወለደች፤ ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላት ትምህርቷ ተቋረጠ፤ ከዚያም ወዲህ ሥራዋ ወጥ መሥራት፣ ልብስ ማጠብና መተኰስ ሆነ። ከከተማ ወደ ከተማ በቤት ሠራተኛነት እየተቀጠረች ገንዘብ አጠራቀመች፤ በወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ቤትም ፈረንሳይኛና እስፓንኛ ተማረች። በሎስ አንጀለስ ያገለገለቻቸው ባልና ሚስት፣ ያጠራቀመችው ገንዘብ ወለድ በሚያመጣ ነገር ላይ እንዲውል ረዱዋት፤ ወለዱም በዓመት ወደ 200 ዶላር ይደርስ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ 200 ዶላር ለ12 ወራት ሲከፈል ለአንዱ ወር 17 ዶላር አይሞላም። በዚህ ገንዘብ ብቻ ዓለምን መዞር በዚያም ዘመን ቢሆን አይቻልም ነበር። ዋኒታ ግን ይህን ገንዘብ እንደ መደገፊያ ምርኩዝ ቈጠረችው። በ1927 ዓ.ም.፣ ዕድሜዋ ከ35 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ብቻዋን ከአሜሪካ ተነሣች። በደረሰችበት ከተማ ርካሽ ማደሪያ ፈልጋ ታርፋለች፤ ገንዘቧ ሲመነምን ወጥ ሠሪ ወይም ሞግዚት ሆና ትቀጠራለች፤ ለሚቀጥለው መንገድ የሚበቃ ሲኖራት «ደህና ሰንብቱ» ብላ ትነሣለች። እንዲህ እያደረገች እስከ 1935 ድረስ 22 አገሮችን አየች፤ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን፣ ኢጣልያን፣ ግብፅን፣ ሕንድንና ጃፓንን ጐበኘች። በመጨረሻም በሀዋይ በሆኖሉሉ ከተማ ድንኳን ተክላ ተቀመጠች።

ከየአገሩ የጻፈችው በ1935 በአንድ የታወቀ የአሜሪካ መጽሔት ወጣ፤ በ1936ም «ታላቁ፣ ሰፊውና ውቡ ዓለሜ» በሚል ስም በመጽሐፍ ታተመ። ትምህርት ስላልነበራት የፊደል ግድፈት ነበረባት፤ አሳታሚዎቹም ግድፈቷን ሳያርሙ እንዳለ አተሙት። በዚያው በ1936 ቪክቶር ግሪን የሚባል የኒውዮርክ ጥቁር ፖስተኛ ለጥቁር መንገደኞች የመንገድ መሪ መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ፤ ጥቁር ሰው ሳይዋረድ የሚያድርበትና የሚበላበት ቤት የት እንደሚገኝ የሚያመለክት ነበር። ይህ መጽሐፍ እስከ 1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ድረስ በየጊዜው ይታተም ነበር። እንግዲህ ዋኒታ ከሕንድ እስከ ጃፓን ማደሪያ ፈልጋ ያደረችበት ታሪክ በመጽሐፍ ከታተመበት ዓመት ጀምሮ፣ ወገኖችዋ በገዛ አገራቸው የሚያስጠጋቸውን ቤት በመጽሐፍ ይፈልጉ ነበር ማለት ነው።

በዚህች ሴት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ ያስተዋልሁት ያችን «ደህና ሰንብቱ» የምትለውን ቃል ነው። ዋኒታ በሰው ቤት ታገለግል ነበር፤ የሰው ድስት ታጥባለች፣ የሰው ልጅ ታዝላለች። ነገር ግን መሄድ ስትፈልግ በሩን ከፍታ ትወጣለች። የይለፍ ወረቀቷ በገዛ ሻንጣዋ ነው፤ ደመወዝዋ በገዛ መቀነቷ ነው፤ ከኋላዋም ጥቂት ብትሆን የማታልቅ ወለድ አለቻት። ስለዚህ ክፉ ጌታ ቢያጋጥማት ክፋቱን እስከ ወር መጨረሻ ብቻ ትታገሥ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚያስራት ነገር አልነበረም።

አሁን ነገሩ ለምን የጨዋታ ጥያቄ እንዳልሆነብኝ ልግለጥ። የታናሽ ወንድሜ ልጅ መምህርት ናት። ሦስት ዓመት ከደመወዝዋ ቈጥባ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ እስከ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢም በባቡር እስከ ሞምባሳ ባሕር ዳርቻ ሄዳ ለመመለስ አሰበች። አውሮፕላን ለኪሷ ስላልተመቸ ስለ መኪናውና ስለ ማደሪያው አስቀድማ ጠይቃ ሁሉንም በደብተር ጽፋው ነበር። ወንድሜ ይህን በሰማ ጊዜ ወደ እኔ መጣና፦

«ወንድም ጋሼ፣ እርስዎን ታከብራለችና ይምከሩልኝ። ያላገባች ልጅ ብቻዋን ድንበር ስትሻገር ሰው ምን ይላል?» አለኝ።

እኔም ልጅቷን አስጠርቼ አሳቧን ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፦ «ጋሼ፣ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ልሂድ ብል ኖሮ አባባ ተበድሮም ቢሆን ይልከኝ ነበር። የጎረቤቶቻችን ልጆች ሁሉ የሄዱት ብቻቸውን ነው፤ ስለ እነርሱ ነውር ነው ያለ የለም። እኔ ሠርቼ ባገኘሁት ገንዘብ አይቼ ልመለስ ብል ግን ነውር ሆነብኝ።»

ይህ ቃል ከባድ ቃል ነው። ከእርስዋ ጋር በአንድ ሰፈር ያደገች ሌላ ልጅ ስለማውቅ ይልቁንም ከበደኝ። ያች ልጅ በቤት ሠራተኛነት ወደ አንድ የዐረብ ከተማ ሄዳ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖራለች። ከተመለሰች በኋላ አንድ ቀን፦ «ልጄ፣ ያ ከተማ እንዴት ያለ ነው?» ብዬ ብጠይቃት «አላየሁትም» አለችኝ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በሌሊት ወሰዷት፤ እመቤቲቱ ፓስፖርቷን ተቀብላ በቁም ሣጥን ቈለፈችበት። ባሕሩን የምታየው ከሰገነት ላይ ልብስ በምታሰጣበት ጊዜ ነበር። ከቤቱ የወጣችበት ቀን ወደ አገርዋ የምትመለስበት ቀን ሆነ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ከኖረችበት ከተማ አንዱን መንገድ እንኳ በእግሯ አልረገጠችም።

የዋኒታ ሥራና የዚች ልጅ ሥራ አንድ ነው። ድስቱ፣ መጥረጊያው፣ የልብስ መተኰሻው አንድ ነው። ሁለቱም ባሕር ተሻግረው በባዕድ ቤት አገለገሉ። አንዲቱ ዓለምን አየች፤ ሁለተኛዪቱ ግድግዳ አይታ ተመለሰች። ልዩነቱ «ደህና ሰንብቱ» ለማለት መቻልና አለመቻል ነው።

ይህም የአንዲት እመቤት ክፉ ጠባይ ብቻ አይደለም። «ከፋላ» የሚባለው ሥርዐት በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ የእንግዳ ሠራተኛን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር ሲያስር የኖረ ነው፤ ሠራተኛዪቱ አሠሪዋ ሳይፈቅድ ከቤቱ ብትወጣ ሕገ ወጥ ተብላ ልትያዝ ትችላለች። አንዳንዶች መንግሥታት ይህን ማላላት ጀምረዋል፤ ኳታር በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መለወጥ እንዲችል ደነገገች። ይሁን እንጂ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚሆነውን የሕግ ዐይን ቶሎ አያየውም። በዚያው በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ስላቃታቸው ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቤይሩት በቈንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። እኅቶቻችን በመንገድ ዳር ማደራቸውን ዓለም ሁሉ አየ።

መንግሥታት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች በጄኔቭ ተሰብስበው በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ባጸደቁት በ189ኛው የሥራ ስምምነት፣ በ9ኛው አንቀጽ፣ የቤት ሠራተኛ የጉዞና የመታወቂያ ወረቀቷን በራስዋ እጅ ለመያዝ መብት እንዲኖራት ተጽፏል። ነገሩን ላላወቀ ሰው ትንሽ ቃል ይመስለዋል። ወረቀቷን የያዘ ሰው ግን እግሯን ይዟል፤ ያን ቃል የጻፉት ይህን አውቀው ነው።

ምናልባት አንባቢው «ብቻዋን የምትሄድ ሴት በመንገድ ክፉ ሰው አያገኛትምን?» ይል ይሆናል። ሊያገኛት ይችላል። አደጋ የለም ብዬ ማንንም አላታልልም። አስተዋይ መንገደኛ ግን የምታድርበትን ቤት አስቀድማ ታውቃለች፤ ወደማታውቀው ከተማ በብርሃን ለመድረስ ትጥራለች፤ በየዕለቱ የት እንዳለች ለቤተ ሰቦችዋ ታስታውቃለች። ደግሞም አደጋ በመንገድ ብቻ የሚኖር ከሆነ፣ በተቈለፈ ቤት ስለምታለቅሰው ልጅ ምን እንላለን? ለአንዲቱ የሚጮህላት መንገደኛ ይገኛል፤ ለሁለተኛዪቱ ግን ግድግዳው ብቻ ነው የሚሰማት።

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውንም ተረት የሚጠቅስብኝ አይጠፋም። እኛ ግን ሌላም ልማድ አለን። ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ወደ ኢየሩሳሌም ይወርዱ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ሴቶች ነበሩ። ዛሬም በዴር ሡልጣንና በደብረ ገነት ከአገራቸው የወጡ እናቶቻችን መነኮሳይያት ይገኛሉ። ስንቃቸው ጥቂት፣ ምርኩዛቸው አንድ ነበረ። ከመንደራቸው ሲወጡ ሰው እግራቸውን ስሞ፣ «በጸሎትሽ አስቢኝ» ብሎ ሸኛቸው እንጂ ነውር ነው አላላቸውም። እንግዲህ ሴት ብቻዋን ሩቅ አገር መሄዷ ከባሕላችን ውጭ የሆነ እንግዳ ነገር አይደለም።

የመምህርቷ ጉዞ እንደ ተሳላሚዎቹ የተቀደሰ ነው አልልም። ለማየት መሄድ ግን ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የፈጣሪን ሥራ ማየት ሰውን ትሑት ያደርገዋልና። ስለዚህ ወንድሜ በተቀመጠበት ሦስት ነገር ጠየቅኋት። «ፓስፖርትሽን ማን ይይዘዋል?» ብላት «እኔው» አለች። «የመመለሻሽ ገንዘብ የት አለ?» ብላት «ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ ቢጠፋብኝም የምትልክልኝ እናቴ ዘንድ ሌላ አኑሬአለሁ» አለች። «መመለስ ስትፈልጊ የሚከለክልሽ ማን ነው?» ብላት «ማንም የለም» አለች። ወደ ወንድሜ ዘወር ብዬ፦ «ይህችን ልጅ ፍቀድላት፤ የሚያስፈራው መንገድ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ነው» አልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን» አላት።

ልጅቷ በሦስተኛው ሳምንት በደህና ተመለሰች። አሁን ለተማሪዎችዋ ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ስታስተምር፣ ውኃው ሲሸሽ ጀልባዎቹ በአሸዋ ላይ ዘንበል ብለው እንዴት እንደሚቀሩ፣ ኋላም ተመልሶ መጥቶ እንዴት እንደሚያነሣቸው ትነግራቸዋለች። የደጋ ልጆች ናቸውና ባሕር የሚሄድና የሚመለስ መሆኑን ሲሰሙ ይደነቃሉ። አንዲት ትንሽ ተማሪም «እትዬ፣ እኔም አያለሁን?» ብላ እንደ ጠየቀቻት ነግራኛለች።

ካህናት አባቶቼ፣ የከተማም ወንድሞቼ ሆይ፤ ልጅቷ ከመሄድዋ በፊት ቤተ ሰቦችዋ ወደ እናንተ ይመጣሉ። ካህኑን ጸሎትና ቡራኬ ይለምኑታል፤ ዐዋቂውን ሰው ምክርና ብድር ይጠይቁታል፤ ማንበብ ለሚችለው ውሉን ያሳዩታል። በዚያች ሰዓት የእናንተ ቃል ከደላላው ቃል ይልቅ ይሰማል። ስለዚህ «ለምን ብቻዋን ትሄዳለች?» ከማለታችሁ በፊት፣ ለማየት የምትሄደውንም ለሥራ የምትሄደውንም ወረቀቷ በማን እጅ እንደሚሆን፣ የድካሟን ዋጋ ማን እንደሚይዝላት፣ ልመለስ ባለች ጊዜም በሩን የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ለሦስቱም መልሱ «እርስዋ ራስዋ» ከሆነ መርቃችሁ ሸኙአት። መልሱ የሌላ ሰው ስም ከሆነ ግን፣ መቶ ሰው ቢያጅባትና ደመወዙ እጥፍ ቢሆንም፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ልጅቷን ከቤት አታስወጡ።